የሙንዚር እምቢታ

ሙንዚር «ተቀመጥ» ሲሉት ቆሞ የሚያድር፣ «ቁም» ሲሉት የሚቀመጥ ልጅ እየተባለ ነው ያደገው። ዘይቱና ይህን የሰማችው ከኒካው በፊት ነበር። ሰምታም ሳቀች። ገና ልጅ ነበረች፤ ወንድ ልጅ ትንሽ አመል ቢኖረው ምን አለበት ብላ አለፈችው። የሙንዚር ታላቅ ወንድም ሸህ ጀማሉዲን ከቢስቲማ መጥተው ለሽምግልና ሲቀመጡ ግን ለአባቷ አልደበቁም። «ልጁ ሌባ አይደለም፣ ሰካራም አይደለም፣ ሰነፍም አይደለም» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ አለበት፤ አድርግ ያሉትን አያደርግም።»

አባቷም «ግዴለም፣ ትዳር ይገራዋል» አሉ።

ትዳር አልገራውም። ሙንዚር ያኔ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ብረት በያጅ ነበር። እጁ ጥሩ ስለሆነ አለቆቹ ይወዱታል። አንድ ቀን ሠራተኛ ሁሉ ሰማያዊ ቱታ ይልበስ የሚል ትእዛዝ ወጣ። ሙንዚር ደግሞ ከሠራተኛው ሁሉ በፊት፣ ማንም ሳይነግረው፣ ሰማያዊ ቱታ ይለብስ የነበረ ሰው ነው። ትእዛዙ በወጣ ማግስት በሸሚዝ ገባ። አለቃው መከረው፣ አስጠነቀቀው፣ በመጨረሻም አሰናበተው።

ቤት ሲገባ ዘይቱና፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቱታውን እኮ ትወደው ነበር!» አለችው።

«እወደው ነበር» አላት። «ልበስ ሲሉኝ ጊዜ ገላዬ ላይ ከበደኝ።»

ይህን ሲነግራት አላፈረም፤ አልኮራምም። እሱንም የገረመው ነበር የሚመስለው።

የሐረጎን ዳገት ወጥተው ደሴ ገቡ። ሆጤ ላይ አንዲት ቤት ተከራዩና ሙንዚር ከፊት ለፊቷ የበርና የመስኮት መሥሪያ ከፈተ። ደንበኛ መጥቶ «ለሐሙስ አድርስልኝ» ካለው በሩ ለሐሙስ አይደርስም። «ሲመችህ ሥራው» ብሎ የሄደ ሰው ግን በማግስቱ ተጠርቶ ይወስዳል። ይህን የሚያውቁት ጥቂቶች ስለነበሩ ኑሯቸው ከእጅ ወደ አፍ ሆኖ ቀረ።

ዘይቱና ብዙ ዘመን ንቀት መስሏት ነው የኖረችው። ጣራው ያፈስ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ትለምነዋለች፤ በለመነችው ቁጥር ኮቱን አንጠልጥሎ ይወጣል። አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ አኩርፋ እናቷ ቤት ሄዳ ተመለሰች። አንድ ክረምት ላይ ግን መለመኑ ሰለቻት። መሰላል ከጎረቤት ተውሳ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ጣራው ላይ ወጣች። ሙንዚር ከታች ሆኖ ሲያያት ቆየ። «ውረጂ» አላላትም፤ መታዘዝ እንደማይወድ ሁሉ ሰው ማዘዝም አይወድም ነበር። ዝም ብሎ ወጣና መዶሻውን ከእጇ ተቀበላት። ጀምበር ሳትጠልቅ ጣራው ተሠርቶ አለቀ። በዚያው የጎረቤታቸውን የእማማ አትጠገብን ጣራም ጠገነ፤ እሳቸው ግን ጠግንልኝ አላሉትም ነበር።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባት። ሙሉ በሙሉ የገባት ግን ቆይቶ ነው። ሙንዚር ለሰፈሩ መስጊድ ማንም ሳያዘው የብረት በር ሠርቶ ገጠመ። ኮሚቴው መርቆት መርቆት ሲያበቃ «እንግዲህ መስኮቶቹንም ላንተ ሰጥተናል» አለው። መስኮቶቹ አልተሠሩም። ሰው አማው። ዘይቱናም ልታማው ስትል አንድ ጠዋት መሥሪያው ውስጥ ገብታ ብረቱን አየችው፤ በመስኮቶቹ ልክ ተቆራርጦ፣ ተስተካክሎ፣ ግድግዳ ተደግፎ ዝጓል። ሊሠራ ፈልጎ ነበር። ቆርጦም ጀምሮ ነበር። ከዚያ ወዲያ ግን እጁ አልሄደለትም። በዚያ ሰሞን ሙንዚር በመስጊዱ በር ላለማለፍ ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ ታየው ነበር፤ ይኸ የናቀ ሰው አካሄድ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ መጠየቋን ተወች። የሚሠራ ነገር ሲኖር ዓይኑ በሚያርፍበት ቦታ ታኖረዋለች፤ ቃል አትናገርም። ቤታቸው ሰላም ሆነ። ልጃቸው ሂሻም አድጎ ኮምቦልቻ ሥራ ያዘ፤ ሰዓት አክባሪ፣ ሁሉን ነገር በወጉ የሚያደርግ ልጅ ወጣው።

በሁለት ሺህ አሥራ አራት ጥቅምት ማለቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴን ሲቃረብ፣ ሰዉ ፍራሹን ተሸክሞ ከተማዋን ለቀቀ። ሂሻም እናቱን ሊወስድ መጣ። አባቱን «ተነስ፣ እንውጣ!» አለው። ሙንዚር አልወጣም። ሂሻም «በእልህ ልትሞት ነው!» ብሎ ጮኸበት። ዘይቱና ከልጇ ጋር ሄደች። ሲመለሱ ሙንዚር ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ እማማ አትጠገብ ቤት ውስጥ ድስት ላይ ሽሮ ሲያማስል አገኙት። አሮጊቷ ወገባቸው አያስነሳቸውም፤ ልጆቻቸው አዲስ አበባ ናቸው። እሳቸውን ያስታወሰ ሰው አልነበረም። ሙንዚርንም ማንም «እሳቸውን ጠብቅ» አላለውም፤ ስላላሉት ነው የጠበቃቸው። እማማ አትጠገብ የዘይቱናን እጅ ይዘው «ልጄ፣ ባልሽን መልአክ ነው የላከልኝ» አሏት። እሷም በልቧ «መልአክ ቢልከውማ ኖሮ አይመጣም ነበር» አለች።

ከጦርነቱ ወዲህ ሙንዚር ውሃ ውሃ ማለት አበዛ። ሱሪው ከወገቡ ይወርድ ጀመር። ሆስፒታል ሲታይ ስኳር ነው ተባለ። ሐኪሙ ኃይለ ሚካኤል የሚባል ወጣት፣ ጨዋና ለሥራው የሚጨነቅ ሰው ነበር። «ጣፋጭ አይቀምሱም። ኪኒኑን ጠዋትና ማታ ይውጣሉ። በባዶ እግር አይሄዱም። ገባዎት?» አለው። ሙንዚር ራሱን ነቀነቀ። ፒያሳ ሲደርሱ አንድ ሻይ ቤት ገባና ስኳር በስኳር ላይ ከምሮ ጠጣ። ድሮ ሻይ የሚጠጣው መራራውን ነበር።

ዘይቱና አልተቆጣችም። የምታደርገውን ታውቃለች። ስኳር ለራሷ ስትል የተወች አስመስላ ቆርቆሮውን ከቤት አወጣች። የሱን ምግብ ለብቻ አላዘጋጀችም፤ እሱ ሊበላው የሚገባውን እሷም በላች። ኪኒኑን ከውሃ ብርጭቆ አጠገብ አስቀምጣ ወደ ጓዳ ትገባለች። ስትመለስ ኪኒኑ የለም። ሁለቱም ስለሱ አንስተው አያውቁም። አንድ ዓመት እንዲህ አለፈ፤ ሙንዚር ሥጋ መለሰ።

አንድ እሑድ ሂሻም ሊጠይቃቸው መጣና ኪኒኑን ጠረጴዛው ላይ አየ።

«እማ፣ ይኸ ለምን እዚህ ወደቀ? ዋጠው በይው እንጂ!»

«ቀስ በል፣ ይሰማል» አለችው። «ካልኩት አይውጥም።»

«ምን ዓይነት ነገር ነው? ትልቅ ሰው እኮ ነው። ዝም እያልሽ ልትገድይው ነው?»

ልታስረዳው ሞከረች። የመስኮቱን ብረት ነገረችው፣ የጣራውን ነገረችው። ሂሻም አዳመጣት፤ ያዘነላት ግን ለሌላ ነገር ነው፤ የአባቱ አመል እናቱን ያደነዘዛት መሰለው። በዚያው ሳምንት ወደ ቢስቲማ፣ ለአጎቱ ደወለ።

ሸህ ጀማሉዲን ሁለት ሽማግሌ ይዘው መጡ። ልባቸው ንጹሕ ነበር። ሙንዚርን ከመካከላቸው አስቀምጠው ብዙ ከመከሩት በኋላ፣ «ምክር እምቢ ያለውን መከራ ይመክረዋል» አሉ። «ደግሞ አታፍርም? ሚስትህ እንደ ጨቅላ እያባበለች፣ እያታለለች ነው አሉ መድኃኒት የምታስውጥህ!»

ሙንዚር ቀና ብሎ ዘይቱናን አያት። አልተቆጣም። ነገር ግን ዓይኑ ውስጥ የሆነ ነገር ሲዘጋ አየች።

«ማል» አሉት ወንድሙ። «ወላሂ መድኃኒቴን አላጓድልም በል።»

«ሸህ፣ አፈር ስሆን ይህን እንኳ ይተዉት» አለች ዘይቱና።

«አንቺ ዝም በይ፣ እህቴ። ለሱ ብለን ነው።»

ሙንዚር ማለ። ከልቡ ነበር የማለው። ሽማግሌዎቹ መርቀው ሄዱ። ሂሻምም እናቱን «አየሽ?» አላት።

በማግስቱ ዘይቱና እንደ ወትሮው ኪኒኑን አስቀምጣ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ሙንዚር መስኮቱ ጋ ቆሟል፤ ኪኒኗ መዳፉ ላይ ነች።

«ልዋጣት ብዬ ነው የያዝኳት» አላት። «ወደ አፌ ሳመጣት ወንድሜ ከኋላዬ የቆመ ይመስለኛል። እሱን ሳባርረው ደግሞ እኔው ራሴ ቆሜ ‹ዋጥ› እላለሁ። ያን ጊዜ እጄ አልታዘዝ ይለኛል። እኔ ራሴን ሳዘውም እምቢ ይለኛል እኮ፣ ዘይቱ። ሰው ይህን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ» አለችው።

«መሞት አልፈልግም።»

«እሱንም አውቃለሁ።»

«እንግዲያው ምን ይሻላል?»

ብርጭቆውን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ሌላ ቦታ ለማኖር ሞከረች፤ ኪኒኑን ራቅ አድርጋ፣ የረሳችው አስመስላ ተወችው። አልሆነም። አንድ ቀን ፈገግ ብሎ «ዝምታሽም አሁን ማዘዝ ሆኗል» አላት። መንገዷ ተነቅቶባት ነበር፤ ሌላ መንገድ አልነበራትም።

ቀሪው ቶሎ ሆነ። መሥሪያው ውስጥ የብረት ስባሪ እግሩን ወጋው። ቁስሉ አልድን አለ። መጀመሪያ አንድ ጣት፣ ከዚያ ሌላ ጣት ተቆረጠ። በመጨረሻም ዶክተር ኃይለ ሚካኤል እግሩ ከጉልበት በታች መቆረጥ እንዳለበት ነገረው። «ግዴታ ነው» አለው። ሙንዚር ልብሱን ለበሰ።

ሐኪሙ ዘይቱናን በረንዳ ላይ ጠርቶ «እናቴ፣ ይምከሯቸው እንጂ» አላት።

«ዶክተር፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። ‹እንደ ፈለጉ፣ የእርስዎ ነገር ነው› ብለው ትተውት ይሂዱ። ነገ ራሱ ይመጣል።»

ወጣቱ ደነገጠ። «እንዴት እንዲህ እላለሁ? ካልተቆረጠ ይሞታሉ እኮ! አውቄ የማይሆን ነገር ልንገራቸው?»

እሱም ልክ ነበር። ዘይቱና ልክ ያልሆነ ሰው ፈልጋ አጣች።

በባጃጅ ወደ ሆጤ ተመለሱ። ጉም ከጦሳ ተራራ ወርዶ መንገዱን ሞልቶታል። ዘይቱና የባሏን እጅ ይዛ ዝም አለች፤ ከአፏ አንድ ቃል ቢወጣ የመጨረሻዋ ጭላንጭል የምትጠፋ መስሏት ጥርሷን ነክሳለች። ሙንዚር ዓይኑን ከውጭ ሳይነቅል፣

«ሁሉም ለመነኝ» አለ። «ልጄ ለመነኝ፣ ወንድሜ ለመነኝ፣ ያ ሐኪም እንኳ ለመነኝ። አንቺ ለምን አትለምኚኝም? ተስፋ ቆረጥሽብኝ?»

ዘይቱና እንደዚያ ቀን ደንግጣ አታውቅም። ዓመት ሙሉ፣ ዓመታት ሙሉ፣ ለሱ ብላ የያዘችው ዝምታ በሱ ዘንድ መተው ሆኖ ተቆጥሮባታል። ያን ጊዜ የታመቀው ሁሉ ወጣ። ባጃጁ ውስጥ፣ ነጂው እየሰማ፣ ጉልበቱን ይዛ ለመነችው። «ተቆረጥልኝ፤ ያለ እግርም ቢሆን ኑርልኝ፣ ያረቢ፣ ብቻዬን አታስቀረኝ!» አለችው።

ሙንዚር እንባዋን በእጁ ጠረገ። «እሺ» አላት።

በትዳራቸው ዘመን ሁሉ ይህን ቃል ከአፉ ሰምታ አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ባጃጁ በር ላይ ቆሞ ጥሩምባውን ይነፋል። ሙንዚር ታጥቦ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። የደህናውን እግሩን ጫማ በእጁ ይዟል። ዘይቱና በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችው። ጫማውን ወደ እግሩ ዝቅ ያደርገዋል፣ መልሶ ያነሳዋል። ዓይኖቹን ወደሷ አነሳ፤ ልመና የነበረው ያን ጊዜ በሱ ዓይን ውስጥ ነበር። ባጃጁ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ፤ ከዚያ ሄደ። ሙንዚር ጫማውን መሬት ላይ ጣለው።

«ማልቀስሽን ባላየው ኖሮ እሄድ ነበር» አላት፤ ከዚያ ወዲያው «ውሸቴን ነው፤ አልሄድም ነበር» አለ። የትኛው እውነት እንደሆነ እሱም አያውቅም ነበር።

በልግ ሳይገባ ሞተ።

ለቅሶው ላይ ሸህ ጀማሉዲን ከሰዎች ጋር ተቀምጠው፣ «ወንድሜ ራሱን በእምቢታ ገደለ፤ አሏህ ይማረው» አሉ። ሰዉ ሁሉ «አሚን» አለ። ሂሻም ራሱን ደፍቶ ያለቅሳል።

ዘይቱና ከሴቶቹ መካከል ሆና፣ «እምቢ አላለም» አለች። «እሺ ብሎ ነበር። ታጥቦ፣ ልብሱን ለብሶ ነበር። አልሆነለትም እንጂ እሺ ብሎ ነበር።»

ሸህ ጀማሉዲን በሐዘኔታ አዩዋት። «አብሽሪ፣ እህቴ። ሐዘን ነው፤ ሰብር፣ ትዕግሥት ያስፈልጋል» አሏት።

ደግማ ልትናገር አፏን ከፈተች። አንዲት ጎረቤት ነጠላዋን በትከሻዋ ላይ አስተካከለችላትና «ዝም በይ በቃ፣ ራስሽን አትጉጂ» አለቻት። ዘይቱና ዝም አለች። ወንዶቹ ወደ ቢስቲማ የሚሄደው መኪና ከስንት ሰዓት በኋላ እንደማይገኝ መነጋገር ጀመሩ።