በነጻ ላስተምርሽ ያሉኝ ሰው

ከደረሰብኝ ገና ዓመት አልሞላውም። ትዝ ባለኝ ቁጥር ግን ፊቴ ይግላል።

የምሠራው እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የሚባል ከተማ፣ የውሃ ቧንቧ ፕላን በሚያወጣ ትንሽ ቢሮ ነው። በኮምፒውተር፣ አውቶካድ በሚባል የመሳያ ፕሮግራም እስላለሁ። አንድ ቀን አለቃችን ደጋግመን የምንስለውን ኮምፒውተሩ ራሱ እንዲስለው ትእዛዝ የሚጻፍበትን አውቶሊስፕ የሚባል ቋንቋ በሁለት ወር እንድንማር ነገረን። ያልቻለ ሰው ኮንትራቱ እንደማይታደስለትም አልደበቀም።

ኢንተርኔት ላይ ፈለግኩ። ሁሉም «ለጀማሪ» ይላል፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን ቅንፍ በቅንፍ ላይ ተደራርቦ መግቢያው ይጠፋኛል። ቢጨንቀኝ የምኖርበት የሲልቨር ስፕሪንግ አበሾች በምንገናኝበት የቴሌግራም ግሩፕ ላይ የሚያስረዳኝ ሰው ካለ ብዬ ከነስልክ ቁጥሬ ጻፍኩ።

በማግስቱ ጋሽ መኮንን የሚባሉ የማላውቃቸው ሰው ደወሉ።

«እኔ አሳይሻለሁ። ቅዳሜ ዊተን ላይብረሪ ነይ። ባዶ ደብተር ያዢ፤ ላፕቶፕ አያስፈልግም።»

«ስንት ያስከፍላሉ?» አልኳቸው።

«በነጻ ነው፣ ልጄ።»

ይሄኔ ጠረጠርኩ። እዚህ አገር የማታውቂው አበሻ በነጻ እንገናኝ ካለሽ ወይ ኢንሹራንስ ሊሸጥልሽ ነው፣ ወይ ሰው እያመጣሽ የምታስገቢበት ቢዝነስ ውስጥ ሊከትሽ። የኮምፒውተር ትምህርት ያለ ኮምፒውተርስ ምን የሚሉት ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ ብዬ ባሌን ይዤ ሄድኩ። እሱ እንደማያውቀኝ ሆኖ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ጋዜጣ ዘርግቶ ተቀመጠ።

ጋሽ መኮንን ጸጉራቸው የነጣ፣ ከባድ ቦርሳ ያነገቱ ሰው ናቸው። ገና ሳንደላደል «የት ነው የምትሠሪው? የምትስዪውስ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ይኸው መጣ፣ አልኩ በልቤ። «ሮክቪል። የኪችን ካቢኔት ነው የምስለው» ብዬ ዋሸሁ።

ከቦርሳው ብሮሸር ይወጣል ብዬ ስጠብቅ ጠርዙ ያለቀ ደብተር ወጣ። ከሥራ ወጥተው አርሊንግተን፣ ቤታቸው በዋሉበት ጊዜ ቋንቋውን ለብቻቸው ሲማሩ በአማርኛ የጻፉት ነው። አንዲት መስመር ከማስመር ይጀምራል። በስልኬ ፎቶ ላንሳው ስላቸው ከለከሉኝ።

«በእጅሽ ካልገለበጥሽው አይገባሽም። ተማሪ ቤት እንዴት ነበር የምናጠናው?»

ጥርጣሬዬ ባሰ። ቢሆንም ሁለት ሰዓት ሙሉ ገለበጥኩ። ቅንፉ የት ተከፍቶ የት እንደሚዘጋ ለመጀመሪያ ጊዜ ገባኝ።

በሳምንቱ ባሌን ከነጋዜጣው አስከትዬ ስመለስ የጋሽ መኮንን ዓይን ቀልቷል።

«የአንቺን ሥራ የሚመስል ምሳሌ አልነበረኝም። ሳምንቱን ስጽፍልሽ ከረምኩ» ብለው አዲስ ደብተር ሰጡኝ። ሃያ ገጽ፣ በእጃቸው የተጻፈ፣ ሁሉም የኪችን ካቢኔት።

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እውነቱን ነገርኳቸው፤ ባለ ጋዜጣው ባሌ መሆኑንም ጨመርኩ። ቀና ብለው ባሌን አዩት፤ ከዚያ ደብተሩን ገልብጠው ከጀርባው ባዶ ገጽ ከፈቱ።

«እሺ፣ ቧንቧው ስፋቱ ስንት ነው?» አሉኝ።

ኮንትራቴ ታደሰልኝ። መጠርጠሩን ተውኩ ብል ውሸት ነው፤ አሁንም በነጻ የሚል ሰው ሲደውል ልቤ ይዘጋል። ያንን ሃያ ገጽ ስገልጥ ግን አፍራለሁ። ለማያውቀው ሰው ሳምንቱን የሚሰጥ ሰው ይኖራል ብዬ ማሰብ መቼ እንዳቆምኩ አላውቅም።