በርበሬ ያሸነፈበት ጌም

ከአልጋ ሥር ሆኜ ነው የምጽፍላችሁ።

የእህቴ ልጅ ሜሮን ዛሬ የኮምፒውተር ጌም ውድድር ነበረባት፤ ከተሸነፈች ትሰናበታለች። አዲሱ ኪቦርዷ ሲጫኑት በረዶ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ይንጣጣል።

ጎረቤታችን ስንዱ ከቤቷ ሆና "አያ ካሴ፣ በረዶ ነው እንዴ?" አለች።

"ምነው ቆምሽ? በርበሬሽን አስገቢ እንጂ!" አልኳት።

ሰማዩን ቀና ብላ ሳታይ፣ ከግቢው በርበሬ የተሰጣበትን ሰፌድ አንሥታ ወደሚቀርባት ወደ እኛ ቤት ገባችና ኪቦርዱ ላይ ዘጭ አደረገችው!

ሌላው ኪቦርድ ብዙ ቁልፍ አብረው ሲጫኑበት ግራ ይገባዋል። ይኼ ሸጋ ግን ሁሉንም ባንዴ ተቀበለ። የሜሮን ተዋጊ ባንዴ ዘለለ፣ ተኮሰ፣ ቦምብ ወረወረ። አሸነፈች!

ሜሮን ስንዱን አቅፋ "ለፍጻሜውም ነይልኝ" ትላለች። ስንዱ ግን ጠራራውን ፀሐይ አይታ በማማሰያ እየፈለገችኝ ነው።

እናንተስ ቀልዳችሁ የት አስደብቋችሁ ያውቃል?