ይማልዳል ወይስ ይፈርዳል

እኛ ቤት እግዚአብሔር አንድ መሆኑን የተጠራጠረ ሰው ኖሮ አያውቅም። የሚያጣላን አንድነቱን ማን አብልጦ ያውቃል የሚለው ነው።

እህቴ ከዱባይ ስትመለስ ብርድ ልብስና ስልክ ይዛ መጣች። ብርድ ልብሱን ሁሉም ወደደው። ስልኩ ውስጥ ግን መጽሐፍ ቅዱስ ነበረ። አንድ እሑድ ከአጎቴ ጋር ሮሜ ስምንትን ሲያነቡ፣ የእሷ ክርስቶስ ስለ እኛ ይማልዳል አለ፣ የአጎቴ ወፍራም መጽሐፍ ይፈርዳል አለ። አጎቴ የቤተ ክርስቲያን መምህር ነው፤ ከተቀመጠበት ተነሣ።

«ለማኝና ተለማኝ ካለ እኮ ሁለት አምላክ አደረግሽ!»

የእህቴም ምላስ አያርፍ፦ «ታዲያ ቃሉን ማን ቀየረው፣ አጎቴ? እናንተ ናችሁ ወይስ እኛ?»

«እናንተ» እና «እኛ»! በቃ፣ ጴንጤ ሆናለች ተባለ። አባቴ ከሁለቱ መጻሕፍት አንዱንም አንብቦ አያውቅም፤ ለመፍረድ ግን ማን ብሎት! ከቤቴ ውጪ አላት። እሷም መካነ ሰላም ወርዳ መናኸሪያው አጠገብ ቤት ተከራየች።

ክረምት ላይ እናቴ ታመመች፤ አልጋ ያዘች። ከዚያ ወዲህ ምግብም መድኃኒትም አልጠየቀችም፤ ልጄን አምጡልኝ ብቻ ነው። አባቴ፣ እንደ ደንቡ ይቅርታ ትጠይቀኝ አለ። ደንቡ የታወቀ ነው፦ በዳይ ድንጋይ በማጅራቱ ተሸክሞ ከበር ውጭ ይቆማል፣ ሽማግሌዎች ገብተው ይለምኑለታል፣ ተበዳዩ «ይግባ» ሲል ይገባል፣ ድንጋዩንም ያወርዱለታል። ለሽምግልና ጎረቤታችን ሀጂ ተመረጡ፤ አባቴ እሳቸውን እምቢ ብሎ አያውቅም። ከእሳቸው ጋር ማን ቢጨመር ጥሩ ነው? አጎቴ! ነገሩን የቆሰቆሰው ራሱ።

በቀጠሮው ቀን እህቴ ድንጋዩን ተሸክማ ከበር ውጭ ቆመች፣ ሽማግሌዎቹ ገቡ። ሀጂ መልካም ጀመሩ። «ልጅ ናት፣ ለአላህ ብለህ ተውላት» አሉ። አባቴ አንገቱን ደፋ፣ ልቡ መራራቱን ጓዳ ከእናቴ አልጋ አጠገብ ሆኜ በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ። ይኼኔ አጎቴ፣ «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ብሎ መጽሐፉን ገለጠ። ከሥሩ ማለት ለእሱ ከዓለም መፈጠር በፊት ነው።

ሀጂ ፈገግ አሉ። «እኛስ አንድ ብለን አረፍን። እናንተ አንዱን ለመቁጠር ይኼን ሁሉ መጽሐፍ ትይዛላችሁ?»

«አንቱ ደግሞ! አንድም ነው፣ ሦስትም ነው!» አጎቴ ፀሐይን አመጣ፤ ክበቡን፣ ብርሃኑን፣ ሙቀቱን አስረዳ። ውጭ ዶፍ ይጥላል። አባቴ ክርክሩ ጣመው፣ ለሀጂ ሻይ፣ ለአጎቴ ጠላ አስቀዳ። ወይ ጉድ! ሰውዬው የተበደለ ሳይሆን ልጁን የሚድር ይመስላል።

«ገባች?» አለችኝ እናቴ።

«አሁን ትገባለች፣ አብሽሪ።»

ልጠራት ብነሣ እጄን ያዘችኝ። «ተይ፣ በአባትሽ ቃል ትግባ። ኋላ መልሶ እንዳያስወጣት።» ደግሞ፣ «ምን እየተባባሉ ነው?» አለች።

«ስለ ምልጃ» አልኳት። ምን ልበላት?

«ተመስገን» አለች፤ ለልጇ የሚለምኑላት መስሏታል። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሀጂም በሳቅ ሲንከተከቱ፣ አጎቴም ጉልበቱን ሲመታ፣ እጇ እጄ ውስጥ ቀዘቀዘ።

ጮህኩ።

አባቴ ያን ጊዜ፣ «ትግባ! ልጄን አስገቡልኝ!» አለ። እህቴ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ሆና፣ ልብሷ ከገላዋ ተጣብቆ ገባች። ሀጂ «ኢና ሊላሂ» ብለው ፊታቸውን ሸፈኑ። አጎቴ መጽሐፉን ይዞ ቆሟል፣ ያቆመበት እንዳይጠፋው ጣቱን ገጹ ላይ ሰክቷል። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ያለቅሳል።

ድንጋዩን ያወረደላት የለም። እንደተሸከመች የእናታችን እግር ሥር ተንበረከከች።