ካልቀመስሽ አይገባም

በሰማንያዎቹ መጨረሻ ነው፣ በረመዳን። አዲስ አበባ፣ ሃያ ሁለት ሰፈር ከነበረችኝ ትንሽ ሱቅ ፖሊሶች መጥተው ወሰዱኝ። ሱቅህ ውስጥ ስብሰባ ታደርጋለህ አሉ። ስኳር ሊገዛ የመጣ ሰው ስለ መንግሥት ቢያወራ እኔ ምን ላድርግ? አፉን አልዘጋ። ይህንኑ ነገርኳቸው፤ አልወደዱትም።

ጣቢያ ያስገቡኝ የእስረኛ ክፍል ሽታው ይሰነፍጣል። አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ባለ ቁጥር የጣሪያው ቆርቆሮ ይንቀጠቀጣል፤ ወሬያችንን አቋርጠን እናሳልፈዋለን። ካቦው፣ እስረኛው የመረጠው አለቃ ማለት ነው፣ ክርስቲያን የከባድ መኪና ሹፌር ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት የባለቤቴን ድምፅ ሰማሁ። ክፍላችን ከውጭው በር ጎን ናት። ልጃችንን አዝላ የማፍጠሪያ ሾርባ አምጥታልኛለች። ደንቡ ይታወቃል፤ ምግብ ያመጣ ሰው ፖሊሱ ፊት ይቀምሳል።

«ቅመሺ» አላት።

«ጾመኛ ነኝ።»

«ካልቀመስሽ አይገባም።»

«እንግዲያው አዛን እስኪል እቆማለሁ።»

«እስከዚያ ድረስ?»

«አንተስ ሥራህ መቆም አይደል?»

ሂጂ ብዬ ልጮህ ተነሣሁ። ካቦው እጄን ያዘ።

«ተዋት ባክህ! የኔዋ ብትሆን ቀምሳ ቀምሳ ባዶ ሳህን ነበር የምትልክልኝ።»

ሰው ሳቀ። እኔ ጆሮዬ በሩ ላይ ነበር። ልጁ ያለቅሳል፣ እሷ እሹሩሩ ትላለች፣ ደግሞ ዝም ይላል። እንዲህ እያለ መሸ። አዛን ሲል «ቢስሚላህ» አለችና ቀመሰች።

ፖሊሱ ሳህኑን አቀበለኝ። «እንካ። ሚስትህ እኔንም አስጾመችኝ» አለ፤ አልተቆጣም።

ሾርባው ቀዝቅዞ ከላዩ ረግቷል። ማንኪያዋ የነካው ቦታ ይታያል። ከዚያው ጀመርኩ። ከዚያ ለካቦው አቀበልኩት። «አጃ ብቻ ነው፤ ሥጋ የለውም፣ ጠጣ።»

ዘንድሮ ያ ልጅ እዚያው ሃያ ሁለት ትልቅ ሱቅ ከፈተ። ለምርቃቱ ተናገር አለኝ። «አባዬ፣ የእስሩን ነገር ግን ተወው። ያለፈ ነው። የደረስንበትን ንገራቸው።»

እውነት አለው። መከራውን ሲቆጥር የሚውል ሰው ቤት አይሠራም። እኔም ስፈታ ሱቄን ከፈትኩ እንጂ ቁጭ ብዬ አላለቀስኩም።

«እሺ» አልኩት፤ «የደረሰብኝን ዱላ አላነሣም። እናትህ የቆመችውን ግን እናገራለሁ። አንተም ነበርክ እኮ፣ ጀርባዋ ላይ።»

የምርቃቱ ዕለት ማይኩን እሱው ሰጠኝ። እኔም ተናገርኩ።

እስከ ዛሬ ረመዳን ሲገባ ሾርባዬን አንድ ማንኪያ ቀምሳ ነው የምትሰጠኝ። ልጃችን እስከዚያ ምርቃት ድረስ ጨው የምታይ ይመስለው ነበር።