ከሆስፒታሉ ጀርባ ያለችው ክፍል

ባሌ አናጺ ነበር። ጊንጆ ሰፈር፣ ከቤታችን ጋር በተያያዘች የቆርቆሮ መጠለያ ውስጥ አልጋ፣ ቁም ሣጥንና ባለ ሦስት እግር በርጩማ ይሠራል። ጅማ ውስጥ አናጺ ሞልቷል፤ እሱ የሠራውን አልጋ ግን ከአጋሮና ከሊሙ ድረስ መጥተው ይወስዱት ነበር። ቡና ተሸጦ ሠርግ በሚበዛበት ወቅትማ ጣውላ አይበቃውም። እኔ እቤት ልብስ እሰፋለሁ። የበኩር ልጃችን ወንድ ነው፤ ከእሱ በታች ሁለት ሴቶች አሉ።

ልጃችን ትምህርቱን እንደጨረሰ አባቱ ዘንድ መጋዝ ያዘ። አንድ ቀን ጣውላ አለቀና አባቱ፣ “ደዶ ገበያ ሂድና ዋንዛ ካለ ዋጋውን ተነጋግረህ ና” ብሎ ላከው። የገበያ ቀን ነበር። እኔ በር ላይ ቆሜ ካፖርትህን ልበስ አልኩት፤ ብርድ የለም ብሎኝ ሄደ።

ያን ቀን የደዶን ገበያ ከበው ወጣት የተባለውን ሁሉ ለብሔራዊ ውትድርና አፈሱት። ወሬውን ያመጣችልን ቅቤ ነጋዴ ጎረቤታችን ናት። “ሲጭኑት አይቼዋለሁ፤ ‘ለእናቴ ንገሪያት’ ብሎ ጮኸ” አለችኝ። ቀበሌ ሄድን። “ለእናት አገር ጥሪ ነው የሄደው፤ ልትኮሩ ይገባል” አሉን። ቆይቶ አንድ እግሩን አጥቶ የተመለሰ ወታደር ሰሜን በሕይወት እንዳየው ነገረን። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። እንዳናለቅስ ሞቷል ያለን የለም፤ ተስፋ እንዳናደርግ ደግሞ የሚመጣ ወሬ የለም።

ባሌ ቀስ በቀስ ሥራውን ተወ። የጀመረው አልጋ እግር ሳይገባለት ግድግዳ ተደግፎ ቀረ። እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ምግብ ሲቀርብለት ሁለት ጊዜ ጎርሶ ይነሳል። ሴቶቹ ልጆቼ አባታቸው ባለበት መሳቅ ተዉ። የደዶ የገበያ ቀን ሲሆን ግን ማልዶ ይወጣና ሊመሽ ሲል ጫማው ጭቃ ለብሶ ይመለሳል። የት ዋልክ ስለው፣ “የትም” ይላል።

የሰፈር ሴቶች ዝም አላሉም። “ደዶ ሌላ ቤት ሠርቷል” አሉ። እኔም አመንኩ። መኝታዬን ወደ ልጆቼ ክፍል አወጣሁ። ከዚያ ወዲያ የምንነጋገረው ስለ ጨውና ስለ ጋዝ ብቻ ሆነ። በልቤ ፍቺ ቆርጬ ነበር።

ከፍቺው በፊት ግን አንድ ሼህ ዘንድ ወሰድኩት። ቁርኣን ቀሩበት፤ ትንሽ ጊዜ ሰክኖ እንደገና ባሰበት። ሁለተኛ ስንሄድ እሳቸው ራሳቸው፣ “ልጄ፣ ይሄ ጂኒ አይደለም፤ ሐዘን ነው። ሐኪምም አሳዪው” አሉኝ። መንደራ ቆጪ ሰፈር የምትኖረው እህቴ ያኔ ሆስፒታል አንሶላ አጣቢ ነበረች። ከአዲስ አበባ የአእምሮ ሕክምና ተምሮ የመጣ ነርስ እንዳለ የነገረችኝ እሷ ናት። “እብድ ብቻ አይደለም የሚያየው። ባልና ሚስትም ይገባሉ፤ ሲወጡ አይቻለሁ” አለች። ባሌ እምቢ ይላል ብዬ ነበር። “እሺ” አለ፤ ለምን እንኳ አልጠየቀም።

ክፍሏ ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ አንሶላ ከሚሰጣበት አጠገብ ናት። ነርሱ የወለጋ ሰው፣ ጸጉሩ ገባ ገባ ያለ ዝምተኛ ነበር። ነጭ ጋውኑን አውልቆ ሰቀለና እንደ እንግዳ አብሮን ተቀመጠ።

“እንቅልፍ እንዴት ነው?” አለው ባሌን።

ባሌ ቀና ብሎ አየው። “እንቅልፍ? ከተኛሁማ ቆየሁ።”

ከእኔ ጋር አንድ ጣሪያ ሥር እያደረ እኔ ይህን አላውቅም ነበር። ነርሱ ለእንቅልፍ ክኒን ሰጠውና በሳምንቱ አብረን እንድንመለስ ነገረን። በሳምንቱም ሄደን አብዛኛውን ዝም አልን። እኔ ትዕግሥቴ አለቀ።

“ዝም ብሎ መቀመጥማ እቤታችንስ መች አጣነው?” አልኩ።

“ግድ የለም፤ አልቸኩልም” አለኝ። ቀጥሎ የክፍሏን ደንብ ነገረን፤ አንዱ ሲናገር ሌላው መልስ አይሰጥም፣ አይሟገትም። ሲጨርስ ግን የሰማውን መልሶ ይናገራል።

እኔ ጀመርኩ። ሲወጣ እንዲህ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። “ደዶ ሌላ ቤት አለህ። ልጄን እዚያ ልከህ አስበላኸው፤ አሁን እዚያው ሄደህ ትሞሸራለህ!” አልኩት።

ነርሱ ወደ ባሌ ዞሮ፣ “ምን ሰሙ?” አለው።

ባሌ፣ “ልጄን አስበላኸው ነው የምትለኝ” አለ። ከዚያ እንባው መጣና ወደ እናቱ ቋንቋ ዞረ። “አኒቱ ኤርጌ፣ አኒቱ ኢልመኮ ኤርጌ። የላክሁት እኔ ነኝ፤ ልጄን የላክሁት እኔው ነኝ።”

ነርሱም በኦሮምኛ በእርጋታ፣ እዚያ ሲሄድ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀው። ባሌ ነገረን። ጣውላ ተራ ልጁን የያዙበት ቦታ ላይ ቆሞ ይውላል። ከጦር ሜዳ ቆስሎ የተመለሰ ሲያይ ይጠጋና የልጁን መልክ ይነግረዋል። “የጠፋ ሰው መጀመሪያ የሚመጣው የጠፋበት ቦታ መስሎኝ ነው” አለ። ሌላ ሴት የለም፤ ሌላ ቤት የለም።

ነርሱ እኔን፣ “እርስዎስ ምን ሰሙ?” አለኝ።

ወደ ባሌ ዞርኩ። “ብቻህን ስትጠብቀው ኖረሃል” አልኩት። ባሌ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። ልጃችን ከተወሰደ ጀምሮ ሁለታችን አንድ ላይ አልቅሰን አናውቅም ነበር። ነርሱ አላባበለንም፤ እስክንጨርስ ተቀመጠ።

ዳነ አልልም። እየተሻለው እንደገና የሚወድቅበት ጊዜ ብዙ ነበር። እኛም መመላለሱን አልተውንም። ነርሱ እጁ ሲንቀጠቀጥ እግሩን መሬት አስረግጦ በቀስታ እንዲተነፍስ አስተማረው። ጠዋት ጠዋት ለጥቂት ጊዜም ቢሆን መጠለያዋ ውስጥ ገብቶ እንጨት እንዲነካ አዘዘው። ለሁለታችን የሰጠን ሥራ ደግሞ ከዐስር ሰላት በኋላ፣ ፀሐይ ስትበርድ፣ አብረን ቁጭ ብለን ስለ ልጃችን መጨዋወት ነው። መጀመሪያ ያሳፍር ነበር። በኋላ ባሌ፣ ልጃችን ሕፃን እያለ ሙጫ እንደላሰ ሲያወራ ትንሿ ልጄ ሳቀች፤ አባቷም አልተቆጣም። እኔም መኝታዬን መለስኩ።

አንድ የገበያ ቀን አብሬው ደዶ ወረድኩ። ጣውላ ተራ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ነጋዴ ተነሥቶ ሥፍራ ለቀቀለት። “ዛሬ ከእናትየው ጋር መጣህ?” አለው። ገበያው ሁሉ ያውቀዋል። ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

መንግሥት ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በየመንገዱ ጎረፈ። እግሩ ያበጠ፣ ልብሱ ያለቀ፣ ውኃ የሚለምን። እኔና ባሌ ከአዲስ አበባ በሚመጣው መንገድ ዳር ቆመን ከእያንዳንዱ ፊት ላይ ልጃችንን ፈለግን። የሌላ ሰው ልጆች ነበሩ። የቡና ለቀማ ገባ፣ ለቀማው አለቀ። አንድ ጠዋት ባሌ ቁርሱን ትቶ፣ “እንግዲህ ዱዓ እናስደርግለት” አለኝ። ሞቷል ማለቱ ነው፤ ያን ቃል እኔ ከአፌ ላወጣው አልችልም ነበር።

ዱዓው ዕለት ቤቱ ጢም አለ። እህቴ ወገቤን ይዛኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ። ባሌ ከወንዶቹ መሐል ተቀምጦ ልጁ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር፣ መጀመሪያ የሠራት በርጩማ እንዴት እንደዘመመች፣ የላከውም እሱ ራሱ እንደሆነ ሳይደብቅ ተናገረ። ድምፁ ይቆራረጣል፤ ግን ጨረሰው።

እንግዶቹ ሲሄዱ ደጃፉ ላይ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

“ብዙ አለቀስሽ” አለኝ። “ውኃ ላምጣልሽ?”

“አምጣልኝ” አልኩት።