የማይዝገው ታንከር ዛገ

«ስቴንለስ ብለህ የሠራህልኝ ታንከር ዝጓል! መጥተህ ውሰድ!»

ዛሬ ጠዋት የደወሉልኝ አማራት ሰፈር ያሉ የሆቴል ባለቤት ናቸው። በያጅ ነኝ፤ ስሜ ሊጠፋ ነው ብዬ ከምሠራበት ሰፈር ከሎሎጎ በቦዳ ሞተር በረርኩ።

እውነትም ብየዳው ላይ ቡናማ መስመር ወጥቷል።

አንዲት የሆቴሉ እንግዳ ጠጋ ብላ አየችው። ለካ የኒውክሌር ማብላያ ብረት ያጠናች ኢንጂነር ናት።

«ወንድሜ፣ በምን ፈተግከው?»

«በብረት ብሩሽ።» (የግቢ በር የምፈትግበት ነው። ማን ነግሮኝ!)

«ስቴንለስን ከዝገት የሚጠብቀው ዓይን የማያየው ስስ ሽፋን ነው፤ የማብላያውንም ቧንቧ እንዲሁ። የዛገው ስቴንለሱ ሳይሆን ብሩሽህ ላዩ ላይ የተወው ተራ ብረት ነው። እሱን ካስለቀቅክ ሽፋኑ ከአየር ጋር ተገናኝቶ ራሱን ይሠራል።»

በሎሚ አሽቼ አጠብኩት፤ ለቀቀ። ባለቤቱ በጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ኻላስ፣ በቃ ይቆይ» አሉ።

ስንት ዓመት ስበይድ ራሱን የሚጠግን ብረት በእጄ እንደነበር አላወቅኩም። እናንተስ ከሙያችሁ ዘግይታችሁ ያወቃችሁት ምንድን ነው?