በቦና ክንድ ልክ

ጋሼ ኦልጅራን ያወቅኋቸው ለቡ ባለው ቤታቸው ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው። እኔ የመንዝ ሰው ነኝ፤ ደምሰው እባላለሁ። ያን ጊዜ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አንድ ፈረንጅ ግቢ በጥበቃ እሠራ ነበር። በዕድሜ ባንቀራረብም በጨዋታ ተግባባን። በወጣትነታቸው አዳኝ ነበሩ፤ ድኩላ በምንሽር ጥለው ሥጋውን ለመንደሩ ያከፋፍሉ የነበሩ ሰው ናቸው። መንግሥት ሲለወጥ መሣሪያ አስረክቡ ተባለ፣ አስረከቡ። ስለዚያ ጠመንጃ ሲያወሩ የሞተ ወንድማቸውን የሚያነሡ ነበር የሚመስለው።

ጠመንጃው ከሄደ በኋላ ከርከሮው ደፈረ። ከፉሪ በኩል ካለው ጫካ እየወረደ ወንዝ ዳር ያለውን የድንች ማሳቸውን ይገለብጠው ጀመር። ቆርቆሮ ቢመቱ፣ እሾህ ቢያጥሩ አልተመለሰም። መርዝ ያድርጉበት ያላቸውም ነበር፤ ባለቤታቸው እትዬ ገዲሴ ግን የሰው ልጅ በሚመላለስበት መሬት ላይ መርዝ አይዘራም ብለው ከለከሉ። ጦር ይዘው ሲያደፍጡ ደግሞ ከርከሮው ውርወራ ከሚደርስበት ሳይገባ ሽታቸውን ለይቶ ይመለሳል።

በ1990 ዓ.ም. መስከረም ላይ የእኔ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሊገባ ዕቃውን መሸጥ ያዘ። ከዕቃው መሀል ሦስት የማደኛ ቀስቶች ነበሩ። እኛ እንደምናውቀው ጎብጦ በጅማት የታሰረ እንጨት አይደሉም። ጫፍና ጫፋቸው ላይ እንደ ግንበኛ ካሩኮላ የሚሽከረከሩ ትንንሽ ጎማዎች አሏቸው፤ ገመዱ በእነሱ ላይ ይዞራል። ለጋሼ ኦልጅራ ብነግራቸው በማግስቱ ልጃቸውን ቦናን አስከትለው መጡ።

ቦና አንድ ልጃቸው ነው፤ ከእሱ በፊት የተወለዱት አላደጉላቸውም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሶ ውጤት ስላልመጣለት ደግሜ እፈተናለሁ እያለ ያጠና ነበር። ረጅም፣ ንግግር የማያበዛ ልጅ ነው።

ፈረንጁ ቀስቶቹን በረንዳው ላይ ደረደረልን። አዲሱ ጥቁር ቀስት ዋጋው የሚሞከር ስላልነበረ ጋሼ ኦልጅራ በእጃቸው እንኳ ሳይነኩት አለፉት። የሚስቱ የነበረው አጭሩና የራሱ የድሮው ረጅሙ ግን ጊደር ተሽጦ የሚገዙ ናቸው። በተሰባበረ አማርኛው እንዳስረዳን፣ ይህ ቀስት ሲስቡት መጀመሪያ ይከብዳል፤ እስከ መጨረሻው ከሳቡት በኋላ ግን ጎማዎቹ ዞረው ክብደቱን ይሸከሙታል። ያኔ አውሬው ጎኑን እስኪሰጥ ድረስ እጅ ሳይንቀጠቀጥ ይዞ መጠበቅ ይቻላል። ክብደቱ በብሎን ይላላል፤ የእነዚህ የሁለቱ የመሳቢያ ርዝመት ግን አይለወጥም። ክንዱ ያጠረ ሰው ያቺን የምታሳርፍ ቦታ አያገኛትም። ፍላጻ ሳይገባበት ባዶውን እንዳንለቀውም አስጠነቀቀን፤ ይሰበራል አለ።

ከዚያ ክንዳቸውን አስዘርግቶ በሜትር ለካቸው። አጭሩ ለአባት፣ ረጅሙ ለልጅ ሆነ። ለሁለቱም የሚሆን አልነበረም።

«አባባ፣ ለእርስዎ የሚሆነውን እንውሰድ» አለ ቦና። «አደኑን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

ጋሼ ኦልጅራ አጭሩን አንሥተው ሳቡት። ገመዱ ጉንጫቸው ድረስ መጥቶ ጸጥ አለ። እንደዚያ ይዘውት ቆሙ፤ ዓይናቸው ከአጥሩ ባሻገር የሆነ ነገር የሚያይ ይመስል ነበር። በኋላ ቀስ አድርገው መለሱትና አስቀመጡት።

«እኔ ከእንግዲህ ስንት ዓመት ልስብ ነው? መሬቱን የምትጠብቀው አንተ ነህ» አሉት። ረጅሙን ገዛን።

ጓሮ ውስጥ ገለባ የታጨቀ ማዳበሪያ አቁመው መለማመድ ጀመሩ። ገመዱ የቦናን ክንድ እየገረፈ ሲያቆስለው እትዬ ገዲሴ ከአሮጌ ቡትስ ቆዳ ቀደው መከላከያ ሰፉለት። አባትየው አጠገቡ ቆመው ነፋሱን እንዴት እንደሚለይ፣ መቼ ትንፋሹን እንደሚይዝ ያስተምሩታል። ፈረንጁ ቢሄድም በዚያው ግቢ ጥበቃ ቀጥዬ ነበር፤ ከሥራ ስመለስ የጋሼ ኦልጅራ ድምፅ ከመንገድ ይሰማኛል፤ ድሮ የማላውቀው የጎረምሳ ድምፅ ነበር።

ጥቅምት ላይ፣ ድንቹ ሊቆፈር ሲል፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንድ ትልቅ ከርከሮ ወረደ። ቦና ለቀቀበት። አውሬው ዘሎ ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። ልጁ ሊከተል ሲነሣ ጋሼ ኦልጅራ እጁን ይዘው አስቀመጡት፤ የቆሰለን አውሬ ካባረሩት ይርቃል፣ ከተዉት ይተኛል አሉት። ቆይተው ደሙን ተከትለው ሲሄዱ ወንዙ ዳር ወድቆ አገኙት። ሥጋው ለማንም አይሆንም፤ እዚያው ለጅብ ተዉት። ልጃቸውን ግን ግንባሩን ሳሙት። በዚያ ዓመት እትዬ ገዲሴ ድንቹን በአህያ ጭነው መካኒሳ ገበያ ሲሄዱ አየሁ። ጥሩ ዓመት ነበር።

ግንቦት ላይ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ተነሣ። ክረምቱ እንደወጣ ቦና ክፍሌ ድረስ መጥቶ ለውትድርና መመዝገቡን ነገረኝ። ለአባቱ እንድነግርለት ለመነኝ፤ ይህንስ ራስህ ንገር አልኩት። ሲነግራቸው ማጭድ እየሳሉ ነበር፤ ቀና አላሉም። ከማን ጋር ነው የምትሄደው ብለው ብቻ ጠየቁት። የጎረቤታችንን ልጅ የሞልቱን ስም ጠራ። «አትለያዩ» አሉት። እትዬ ገዲሴ ጓዳ ገብተው ሲያለቅሱ ይሰማ ነበር። ከመሄዱ በፊት ለአባቱ እንዲቀልላቸው ብሎ የቀስቱን ብሎን እስከ መጨረሻው አላላው።

ቢላላም አልሆነም። ከርከሮዎቹ ሲመለሱ ጋሼ ኦልጅራ ቀስቱን ይዘው ወጡ፤ እኔም አብሬ ነበርኩ። የአንገታቸው ሥር ተገትሮ ሳቡት፤ ገመዱ ግን ያቺ የምታሳርፈው ቦታ ላይ አልደረሰም። ፍላጻው መሀል መንገድ ላይ ጭቃው ውስጥ ተተከለ። ደጋግመው ሞከሩ። በመጨረሻ ላባቸውን ጠርገው፣ ቦና ሲመጣ ይደርስባቸዋል አሉኝ።

ሰኔ ላይ ሞልቱ በምርኩዝ መጣ። አንድ እግሩ የለም። እትዬ ገዲሴ አቅፈው ስመው አስቀመጡት፤ ዳቦ ቆርሰው ሰጡት። ስለ ከብቱ ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀ፣ የሞቱ የሰፈር ሽማግሌዎችን ነፍስ ይማር አለ። እትዬ ገዲሴ እስኪጨርስ ጠብቀው፣

«ልጄን አላነሣኸውም» አሉት።

ሞልቱ አቀረቀረ። «በየካቲት ነው፣ እማማ። አጠገቤ ነበር።»

ከየካቲት ወዲህ በሶ ልከውለት ነበር። አንድ ጊዜ በመጋቢት፣ ሌላ ጊዜ ለፋሲካ። እትዬ ገዲሴ መጀመሪያ የተናገሩት ስለዚያ በሶ ነው፤ ማን በላው አሉ፤ ከዚያ በኋላ ነው ድምፃቸው የወጣው። ጋሼ ኦልጅራ የተቀበረበትን ቦታ ጠየቁ። ሞልቱ እንደማያውቀው ነገራቸው።

ድንኳኑ ተነሥቶ ለቀስተኛው ከተበተነ ቆይቶ፣ ጋሼ ኦልጅራ ለቀስቱ ገዢ ፈልግ አሉኝ። ሰው አመጣሁ። ክንዱን አስዘርግተው በስንዝራቸው ለኩና ይረዝምብሃል ብለው መለሱት። እውነታቸውን ነበር። ሌላ አመጣሁ፤ እሱንም መለሱት። በመጨረሻ ከቦናም የሚረዝም አንድ የሳር ቤት ሹፌር መጣ። ከጣቱ ጫፍ እስከ ጣቱ ጫፍ ለኩት፣ እንደገና ለኩት።

«አይሆንህም» አሉት።

ሰውየው ቀልደውብኛል ብሎ ተቆጥቶ ሄደ። እትዬ ገዲሴ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። «ደምሰው ልጄ፣ ከእንግዲህ ሰው አታምጣባቸው» አሉኝ። ተውኩ።

በዚያ ክረምት ማሳው አልታረሰም። ምርቱን እኩል ተካፍለን እንረስልዎ ያሏቸው ጎረቤቶች ነበሩ፤ እሺም እምቢም አላሏቸውም። የሚቆፈር ስላጡ ከርከሮዎቹም መምጣታቸውን ተዉ። እኔም በመስከረም ለሥራዬ ወደሚቀርብ ቤት ተዛወርኩ።

በጥቅምት ልጠይቃቸው ስሄድ ድንበራቸው ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሣሩ ጉልበት ደርሷል። ከዚያ እናቴ በሕይወት መኖሯን ጠየቁኝ። አለች አልኳቸው። ካየኋት ስንት ጊዜ እንደሆነኝ ሲጠይቁኝ ግን መመለስ አፈርኩ።

«ሂድና እያት» አሉኝ። «ዛሬ ነገ አትበል።»

ለኅዳር ሚካኤል ፈቃድ ጠይቄ መንዝ ወጣሁ።